ስልክ ውስጥ ያለችው ጣውንቴ

በዚህ ዕድሜዬ ጣውንት መጣብኝ ብል የቂርቆስ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ጡረታ ከወጣሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እንቢ ካለኝ በኋላ ነው የመጣችብኝ። ቤቴ አልገባችም፤ ስልክ ውስጥ ነው ያለችው። እሷ ስትደውል ባሌ አምኃ ፊቱ ይበራል፣ ትራሱን ተደግፎ ቀና ይላል፣ "የኔ ዓለም" ይላታል። እኔን አንቱ ይለኛል። ስሟን ብትጠይቁኝ አሰፋሽ ነው። የኔም ስም አሰፋሽ ነው። ሌላ ሰው እንዳትመስላችሁ፤ እሷም እኔው ነኝ። ግን እንደሷ አንጀቴን ያሳረረ ፍጡር አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ያኔ እንደ ዛሬው ሰው ሁሉ ስልክ ኪሱ ከትቶ አይዞርም፤ ከውጭ የሚደወለው በሙሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጆሮ ላይ ነው። "ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝዎት?" ስል ደዋዩ የደወለበትን ጉዳይ ይረሳል ይባል ነበር። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሰዎች ናቸው። አምኃ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴ ዘንድ ይሠራል፣ የኛን ግዢ ክፍል ፈልጎ ይደውላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ግዢ ክፍልን አገናኚኝ ይለኝ ነበር። እያደር ግዢ ክፍልን ረሳው፣ ከኔ ጋር ብቻ አውርቶ ይዘጋ ጀመር።

አንድ ቀን በአካል መጣ። ከኔ ጎን እንግዳ ተቀባይዋ ቆማለች፤ መልኳ እንኳን ወንድን እኔንም ያፈዘኝ ነበር። አምኃ ገባ፣ እኔን አየኝ፣ አለፈኝና ወደሷ ዞሮ "አሰፋሽ አንቺ ነሽ?" አላት። ልጅቱ በአገጯ ወደኔ ጠቆመችው። ሲዞር ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አየሁት። አንድ አፍታ ናት፣ ግን አየኋት፤ እንዲህ ያለው ነገር ሴትን አያመልጣትም። ከዚያ ሳቀ፣ ጨበጠኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ፣ ሽማግሌ ላከ፣ ተጋባን፣ ልጃችን ቅድስት ተወለደች።

ደግ ባል ነው። በሌላ ሴት አስጠርጥሮኝ አያውቅም። ግን ክፍለ ሀገር ለሥራ ሲወጣ ይደውላል፤ በስልክ የሚያወርደው ፍቅር እኮ ልብ ያቀልጣል። ቤት ሲመለስ ደግሞ እራቱን ይበላል፣ ሬዲዮኑን ይሰማል፣ ይተኛል። ማለቴ፣ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በቃ ዝም ነው። ሰውዬው ያገባው ድምፄን ነው፣ እኔ አብሬ መጥቼ ነው ብዬ ደመደምኩ። በገዛ ድምፄ ስቀና ኖርኩ። ይሄ ለማን ይነገራል?

ሕመሙ በእጁ ጀመረ። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። እንቅልፉ ላይ ይጮኻል፣ ይራገጣል። ቆይቶ ግቢያችን ውስጥ የሌሉ ሕፃናት ማየት ጀመረ፤ "ለነዚህ ልጆች ዳቦ ስጫቸው እንጂ፣ ቆመው ያዩሻል" ይለኛል። ጎረቤት መተት ነው አለ። ጸበልም ወሰድኩት፣ ሐኪም ቤትም ወሰድኩት። ሐኪሞቹ የመርሳት በሽታ ነው፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር የሚመጣው ዓይነት፣ አንጎል ውስጥ የማይፈለግ ፕሮቲን እየተጠራቀመ ነው አሉ። ይሁን አልኩ። መርሳት ከሆነ እኔ አስታውስለታለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

አንድ ጠዋት ገንፎ ይዤለት ገባሁ። ሲያየኝ ጋቢውን እስከ አንገቱ ሰበሰበ።

"እንደምን አደሩ" አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ። "ደኅና አደርኩ ጌታው፣ እንካ ብላ" ብዬ ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

ፊቱን አዞረ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት። ባለቤቴ ስትመጣ እበላለሁ።"

"የምን ባለቤት?"

"አሰፋሽ።"

"እንዴ! አሰፋሽ ታዲያ ማን ሆና ነው? እኔ አይደለሁም?"

ትክ ብሎ አየኝ። እውነት ፈልጎ ነው ያየኝ፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ሻሼን። "በጣም ትመሳሰላላችሁ" አለ። "ሻሹም የሷ ነው። እርስዎ ግን እሷ አይደሉም።"

ሆሆ! የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳ አወረድኩና አፍንጫው ሥር ደቀንኩበት። "አዎ፣ ይቺ ናት" ብሎ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ቀና አለና "እርስዎ እህቷ ነዎት?" አለኝ። እህት የለኝም። ገንፎውን እዚያው ትቼ ጓዳ ገባሁና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን ኀዘን ለራሴም አልለየልኝ።

ቅድስትን ያውቃታል። ባለሱቋን ሰብሪናን ያውቃታል። የጎረቤትን ድመት ሳይቀር ያውቃል። ያላወቀው እኔን ብቻ ነው። ይሄስ ባልከፋ፤ ዋናው ጣጣ ምግቡ ሆነ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ካልተጎረሰ አይሆንለትም፤ ማንኪያ ሲይዝ ግማሹ ደረቱ ላይ ነው። ጉርሻ ደግሞ እንዲሁ ምግብ አይደለም። ሚስቱ በሌለችበት፣ ከባዕድ ሴት እጅ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው የሚጎርስ ጨዋ ባል የት አለ? አምኃ ደግሞ ጨዋ ነው። በሽታው ስንቱን ነገር ወስዶበት ጨዋነቱን ተወለት። ለኔው ታምኖ ከኔው እጅ አልጎርስም አለ!

ሰውነቱ አለቀ። ቅድስት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ በመጣች ቁጥር አባቷን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

"እማዬ፣ እንደዚህ ሆኖ አይከርምም" አለችኝ አንድ ቀን። "እኔ ጋ ይሁን። ሠራተኛም አለችኝ፣ እኔም አጎርሰዋለሁ።"

"ባሌን ልትወስጂብኝ ነው?"

"አባቴን ነው እንጂ የምወስደው!"

"ያው ነው!" ብዬ ጮኽኩባት።

ቢወሰድ አይመለስም። ውስጤ ያውቀዋል። እኔን ሳያውቀኝ ከወጣ፣ ወደማን ብሎ ይመለሳል? በስንት ጭቅጭቅ የመጨረሻ አንድ ሐኪም እንድናሳየው ተስማማን። እሱ ካልረዳ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ልብሱን የምትከትበት ቦርሳ ይዛ ትመጣለች።

ኡራኤል አካባቢ ባለ ክሊኒክ ዶክተር መርሃዊት የምትባል የአንጎልና የነርቭ ሐኪም አገኘን። የቅድስት እኩያ ናት፤ ገና ስገባ "እማማ" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ግን ልጅቷ ጎበዝ ናት። አምኃን ረጋ ብላ አነጋገረችው፣ እኔንም ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ማስረዳት ጀመረች።

"ዓይናችን የሰው ፊት ሲያይ አንጎል ሁለት ሥራ ይሠራል" አለችኝ። "አንደኛው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ 'ይሄ የኔ ሰው ነው' የሚለውን ስሜት መቀስቀስ ነው። አባባ ፊትዎን ይለዩታል፤ ወደ ስሜቱ የሚወስደው መንገድ ነው የተጎዳው። ፊቱ የሚስቴ ነው፣ ስሜቱ ግን የለም። እንዲህ ሲሆን አንጎል ዝም አይልም፣ ምክንያት ፈልጎ ያመጣል። እንግዲህ አስመሳይ ናት ማለት ነው ይላል።"

ኦፕሬተር አይደለሁ? ወዲያው ገባኝ። "ደዋዩ ደርሷል፣ መስመሩ አልተገናኘም" አልኳት።

ሳቀች። እንደ አምኃ ያሉ ሰዎችን ተመራማሪዎች ጣታቸው ላይ መሣሪያ አስረው የቤተሰባቸውን ፎቶ እንዳሳዩዋቸው ነገረችኝ። ጤነኛ ሰው የሚወደውን ሲያይ ሳይታወቀው ጣቱን ላብ ላብ ይለዋል፤ እነሱ ግን ባዕድና ዘመድ ሲያዩ ያው ናቸው። ታዲያ "አስመሳይ ናት" የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ሌላው የአንጎል ክፍል እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ ለምን አይጥለውም የሚለው ገና እየተጠና ነው፤ አዋቂዎቹም አልተስማሙበትም አለች።

"እሺ፣ ለምን እኔን ብቻ? ሰብሪናን እኮ ያውቃታል!"

"አባባ ከሰብሪና ያን ስሜት አይጠብቁም። ያልተጠበቀ ነገር ቢቀር አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በጣም ቅርብ በሆነው ሰው ላይ ነው።"

"ስለሚወደኝ ነው የካደኝ በይኛ!"

"እንደዚያም ማለት ይቻላል።"

"ወዶኝ ከሚክደኝ አውቆኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አልኳት።

ቀጥላ "የጆሮ መንገድ ሌላ ነው፣ ፊት ሳይታይ ድምፅ ብቻ ሲሰማ አንዳንዶች ላይ ደኅና ሆኖ ይገኛል" አለችና ኮሪደር ወጥቼ ወደ እሷ ስልክ እንድደውል ነገረችኝ። ወጣሁ። ደወልኩ። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት።

"ሃሎ" አልኩ።

"አሰፉዬ! ኧረ የት ጠፋሽብኝ የኔ ዓለም! ፈረቃሽ አላለቀም እንዴ?"

ግድግዳውን ተደገፍኩ። አወቀኝ! እሰይ፣ ስለቴ ሰመረ ብዬ ላለቅስ ስል በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ ፊቱን አየሁት። እየሳቀ ነው። ዓይኖቹ ስቀዋል። ይሄን ፊት ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ፣ ለሷ ሰጣት! አላስችል ብሎኝ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳቁ ጠፋ። "ቆይ አሰፉ፣ እኚህ ሴትዮ መጡ" አላት በሹክሹክታ። እኔኑ ለኔው እኮ ነው የሚያማኝ!

ዶክተር መርሃዊት መድኃኒቱን አስተካከለችለት። ለውጥ ካለ ቀስ ብሎ ነው፣ እስከዚያ አትከራከሩት፣ ስልኩም ያረጋጋዋል፣ ምግብ ግን የግድ ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሆነ። ቤታችን መደበኛው ስልክ አልጋው አጠገብ አለ። እኔ ሞባይሌን ይዤ ከግቢያችን በር ጎን ሰብሪና ሱቅ ገብቼ፣ በዘይትና በሳሙና መሀል ቆሜ ለባሌ እደውላለሁ።

"እትዬ አሰፋሽ" ትለኛለች ሰብሪና እየሳቀች፣ "ሰው ከባሉ ተደብቆ ሲደውል አይቻለሁ። ለባሉ ተደብቆ ሲደውል ግን በእርስዎ አየሁ።"

ስልክ ላይ ሆኖ ያወራኛል። ያኔ ሻይ የጠጣንበትን ቤት፣ ቅድስት የተወለደች ዕለት የዘነበውን ዝናብ፣ አንድ አይረሳም። ከዚያ ማማት ይጀምራል። "ሴትዮዋ ምስር ሠርታ ነበር፣ በማንኪያ ትንሽ ቀመስኩ። ያንቺን የመሰለ የት ተገኝቶ!" ያንን ምስር እኔ ነኝ የሠራሁት! እናቴ ባስተማረችኝ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በበላው አሠራር! ሻሼን ነከስኩ።

"ምን ዓይነት ሴት ናት?" አልኩት አንድ ቀን። አላስችለኝ ብሎ ነው።

"ደግ ናት መሰለኝ። ግን ቁጡ ናት፣ ትነጫነጫለች።"

"መልኳስ?"

"ኧረ አሰፉ! እኔ የሰው ሚስት መልክ አያለሁ እንዴ?"

ሰብሪና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ቤት ስመለስ ግን "ተመለሱ እመቤት?" ብሎ ተቀበለኝና ሳቄ በሩ ላይ ቀረ። ለሷ የኔ ዓለም፣ ለኔ እመቤት። አጥቤው፣ አልብሼው፣ ጀርባውን አሽቼው፣ ምስጋናውን የምትበላው እሷ ናት። ስልኩን አንስቼ ከግድግዳው ጋር ላላትመው የቀረኝ ትንሽ ነበር።

ቅዳሜ እየቀረበ ሳለ፣ እንደ ልማዴ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ደወልኩ። ድምፁ ለስለስ ብሏል።

"አሰፉ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድሽ። እንዳትቆጪ ግን።"

"ምንድን ነው?"

"ያቺ ሴትዮ... ትናንት አልጋው ጥግ ተቀምጣ አየኋት። አልቅሳ ነበር መሰለኝ። ሆዴ ባባ። ዓይኖቿ ደስ ይላሉ። እጄ ደግሞ እንቢ ብሎኛል፣ ርቦኛል። ከሷ እጅ ብጎርስ ቅር ይልሻል?"

እንግዲህ ስንለምነው የነበረው ይሄው አይደል? እሺ በይና ሩጪ ግቢ፣ አጉርሺው፣ ባልሽ ቤቱ ይቀመጥ! ጤነኛ ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት።

"ዓይኖቿ ደስ ይላሉ?" አልኩት።

"አይ፣ ማለቴ..."

"አይሆንም! ከኔ እጅ በቀር ከማንም ሴት እጅ እንዳትጎርስ! ሰማኸኝ?" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ሰብሪና ስትመዝን የነበረው ስኳር ከእጇ ተደፋ። "እትዬ! ምን ነካዎት? ሴትዮዋ እኮ እርስዎ ነዎት!"

"አውቃለሁ!"

"እና?"

"እና ዓይኖቿ ደስ ይላሉ አለኝ! ለኔ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም!"

"ወላሂ፣ ለእርስዎ እኮ ነው ያለው!"

"ለኔ አይደለም፣ ለሷ ነው!" አልኳት። እንባዬ ይወርዳል። የትኛዋ ሆኜ እንደምቀና ጠፋብኝ። ጠዋት በስልኳ ሴት እቀናለሁ፣ አሁን ደግሞ በቤቷ ሴት።

አምኃ ቃሌን ጠበቀ። እኔ ስገባ ወደ ግድግዳው ዞረ። ማንኪያውን ራሱ ይሞክር የነበረውን ሰውዬ ድካሙ አሸነፈው፣ ተወው። ውኃ ፉት ይላል፣ ጉርሻ ሳቀርብለት ግን "ይቅርብኝ እመቤት፣ ባለቤቴ ተቀይማለች" ይለኛል። ልደውልና ልመልሰው እልና እልኬ ይይዘኛል፤ ነገ፣ ነገ እያልኩ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅድስት ቦርሳዋን ይዛ መጣች። አባቷን አይታ ቀጥታ ስልኳን አወጣች። ዶክተር መርሃዊትን ደውላ ጠየቀቻት፤ ዛሬ ካልበላ ግሉኮስ ሊሰካለት ግድ ነው፣ ይዛችሁት ኑ አለች። ቅድስት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሸሚዞቹን ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሰብሪና ስታየኝ ሬዲዮኑን ዘጋችና ወደ ውስጥ ገባችልኝ።

ስልኩ ቆይቶ ቆይቶ ተነሣ።

"አምኃዬ።"

"አሰፉ" አለ። ድምፁ አልቋል። "አልጎረስኩም። እንዳልሽኝ ነው።"

እየተመካ ነው የሚነግረኝ! ጎበዝ እንድለው!

"ተሳስቼ ነው፣ አምኃ። ከእጇ ብላ።"

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"አትቀኚም?"

"እቀናለሁ" አልኩት። "አንጀቴ እስኪያር ነው የምቀናው። ቢሆንም ብላ። ስለኔ ብለህ ብላ።"

"እሺ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክፉ ሴት አይደለችም እኮ" አለኝ።

ቤት ስገባ ቅድስት ቦርሳውን ልትዘጋ ነው። "ቆይ" አልኳት። ፍትፍቱን አቅርቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አምኃ ዞሮ አየኝ። እንደ አዲስ ሙሽራ አፍሯል።

"ባለቤቴ ፈቅዳለች" አለኝ።

"እግዜር ይስጣት" አልኩት።

ትንሽ ጠቅልዬ አቀረብኩለት። አፉን ከፈተ። ጎረሰ። እያየኝ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ከፈተ። ከኋላዬ ቅድስት ስትነፋረቅ ይሰማኛል። ቆይታ ቦርሳውን ዘቅዝቃ ልብሱን በሙሉ አልጋው ላይ አፈሰሰችውና አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥኑ ትመልስ ጀመር።

አምኃ በሚንቀጠቀጠው እጁ አንጓዬን ያዘኝ። "ፊትሽን ሳየው ደስ ይለኛል" አለኝ። አንቺ አለኝ። "ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደስ ይለኛል።"

ወዲያው የቤቱ ስልክ ጮኸ። በላ ወይስ አልበላም ብላ ጨንቋት የደወለችው ሰብሪና ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል? ቅድስት ልታነሣ ስትነሣ አምኃ አንጓዬን ጠበቅ አደረገው።

"አታንሱት" አለ። ደንግጧል። ወደኔ ጠጋ ብሎ ቅድስት እንዳትሰማ በሹክሹክታ "አሰፋሽ ናት። ተኝቷል እንላታለን" አለኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ በሌላ ሴት ሳያስጠረጥረኝ የኖረ ባሌ፣ ይኸውና ዓይኔ እያየ ወሸመብኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ያቺ የስልኳ ሴት ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ አሳዘነችኝ።

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩለት።